ማመን፣ መታመን፣ መተማመን፦ ክርስቲያናዊ እምነትና ፍቅር በትዳር ሕይወት



የምንኖርባቸው ከተሞች የመንገድ ዳር ከተሞች ናቸው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንጓዝ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ በአንድ አስፋልት ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ ገብተው እናገኛቸዋለን። ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ ደግሞ አዳማ፣ ወለንጪቲና መተሐራ በጅቡቲ መሥመር ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱ ለነዋሪው እንጀራ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩና ረዳቱ፣ ምግብ ቤት የከፈተችው እናት፣ በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ፣ በባቱ የአበባ እርሻ ውስጥ የምትሠራው ወጣት፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ የሚቆርጠው ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ የሚኖሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ እንጀራ የሚያመጣው መንገድ ባልን ከሚስት የሚለይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሾፌሩ አዋሽንና ሚሌን አልፎ እስከ ጋላፊ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ ቤቱን ለብዙ ቀናት ይተዋል። ወጣቷ ሚስት ሕፃን ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ትሄዳለች። ሌላው ባል በሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትም ቢሆኑ አንዱ በቀን፣ ሌላው በሌሊት ተራ እየሠራ በበር ላይ ብቻ የሚተላለፉበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ በመሠዊያው ፊት «አንድ እንሆናለን» ብለው ቃል የገቡ ባልና ሚስት፣ ኑሮ ሲለያያቸው ያንን ቃል እንዴት ይኖሩታል? የዛሬው ትምህርታችን ይህንን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

በቋንቋችን ከአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ቃላት አሉ፤ ማመን፣ መታመን፣ መተማመን። ማመን ሰው በእግዚአብሔር ላይ የሚያደርገው ነው። መታመን ለሰጡት ቃል ጸንቶ መገኘት ነው። መተማመን ደግሞ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነው። በጸሎታችን መጨረሻ የምንለው «አሜን» እንኳ ከዕብራይስጥ የመጣ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ክርስቲያናዊ ትዳር በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ለብቻቸው አይቆሙምና አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

1. ማመን፦ ጋብቻ ምሥጢር ነው

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ሥፍራ ባወጣው ሐዋርያዊ ሰነድ፣ ጋብቻን የሕይወትና የፍቅር አንድነት አድርጎ ገልጾታል፤ ይህም አንድነት ተጋቢዎቹ በሚሰጡት፣ ወደ ኋላ በማይመለስ የግል ፈቃድ እንደሚመሠረት አስተምሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች ሲጽፍ የባልና የሚስትን አንድነት ከክርስቶስና ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ጋር ያያይዘዋል (ኤፌ. 5፡21-33)። ስለዚህ ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው ስንል፣ በዚያ ቀን የተደረገ ሥርዓት ብቻ ማለታችን አይደለም። ጸጋው ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ፣ በየዕለቱ፣ በድካምም በእርጅናም የሚሠራ ነው።

በላቲን ሥርዓት ትምህርት መሠረት ምሥጢሩን አንዱ ለሌላው የሚሰጡት ፈቃዳቸውን በቤተ ክርስቲያን ፊት የሚገልጹት ተጋቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። በምሥራቃውያን ሥርዓት፣ የእኛንም የግዕዝ ሥርዓት ጨምሮ፣ የካህኑ ቡራኬ ለምሥጢሩ ጽናት የግድ አስፈላጊ ነው፤ በሥርዓቱ ውስጥም የአክሊል መድፋት ትልቅ ሥፍራ አለው። አገላለጹ ቢለያይም ሁለቱም ሥርዓቶች አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ በዚያች ሰዓት ከባልና ከሚስት ሌላ ሦስተኛ አካል በመካከላቸው ይገባል፤ እርሱም ክርስቶስ ነው።

የቃና ዘገሊላን ሰርግ እናስታውስ (ዮሐ. 2፡1-11)። ሙሽሮቹ ኢየሱስንና እናቱን ወደ ሰርጋቸው ጠሩ። ይሁን እንጂ ኢየሱስ በዚያ መኖሩ የወይን ጠጁን ከማለቅ አላዳነውም። ጉድለቱን አስቀድማ ያየችው እመቤታችን ናት፤ አገልጋዮቹም ያላቸውን ብቻ፣ ማለትም ውኃ፣ አቀረቡ። ምሥጢረ ተክሊልን የተቀበለ ቤተሰብም ጉድለት አይገጥመውም ማለት አይደለም። ጉድለቱ በመጣ ጊዜ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል፣ ያለውንም ውኃ ወደ እርሱ ያቀርባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቁምስናዎቻችንን የሚያሳስብ አንድ ጉዳይ ማንሣት ይገባል። ለዓመታት አብረው የሚኖሩ፣ ልጆችም ያፈሩ፣ ነገር ግን ምሥጢረ ተክሊልን ሳይቀበሉ የቀሩ ካቶሊካውያን ጥቂቶች አይደሉም። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው አብዛኛውን ጊዜ እምነት ማጣት ሆኖ አናገኘውም። «ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ እስክናገኝ ነው» ይሉናል። ድንኳኑ፣ ሰንጋው፣ የሙሽራው መኪና፣ ቪዲዮው፣ ለሁለት ወገን ዘመድ የሚቀርበው ምግብና መጠጥ ሲታሰብ ቀኑ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። በዚህም ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን ርቀው ይኖራሉ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህንን በግልጽ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ለምሥጢረ ተክሊል የሚጠይቀው ከእንቅፋት ነጻ የሆኑ፣ በሙሉ ፈቃዳቸው የሚዋዋሉ ተጋቢዎችን፣ ሥልጣን ያለውን ካህንና ሁለት ምስክሮችን ነው። ሰንጋና ድንኳን በሕጉ ውስጥ አልተጻፉም። ድግስ መልካም የፍቅር ማዕድ ነው፤ ኢየሱስም በሰርግ ማዕድ ተቀምጧል። ነገር ግን ማዕዱ የምሥጢሩ በር ሲሆን ስህተት ነው። ከሰርግ ማግስት በብድር የሚጀመር ትዳር ደግሞ የመጀመሪያ ጠቡን ራሱ ጠርቶ አስገባ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ያሉ ባልና ሚስት ወደ ቆሞሳቸው ቀርበው ቢነጋገሩ፣ በእሑድ ቅዳሴ ላይ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ቆመው፣ በቀላል ሥርዓት ጋብቻቸውን ሊቀድሱ ይችላሉ። ወላጆችና የክርስትና አባቶችም «ያለ ድግስ አይሆንም፣ ምን ይሉናል» በማለት መንገዱን እንዳይዘጉ አደራ።

በአካባቢያችን ካቶሊካውያን በቁጥር አነስተኛ ስለሆንን፣ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወይም ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል ጋር የሚጋቡ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህንን ዐይነት ጋብቻ በበላይ አካል ፈቃድ ትቀበለዋለች። ካቶሊካዊው ወገን ከእምነቱ እንዳይወጣ፣ ልጆቹም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል ይገባል፤ ሌላው ወገንም ይህ ቃል መሰጠቱን እንዲያውቅ ይደረጋል (ቀኖና 1125)። ካልተጠመቀ ሰው ጋር ለሚደረግ ጋብቻ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚህ ነገሮች ከቀለበት በፊት ሊነገሩ ይገባል። ልጅ ከተወለደ በኋላ «የት ይጠመቅ?» ተብሎ የሚጀመር ክርክር፣ በእጮኝነት ዘመን በይሉኝታ የታለፈ ጥያቄ ነው።

2. መታመን፦ በርቀት ውስጥ የሚጸና ቃል

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ለእኛ ከተሞች የተጻፈ የሚመስል ምክር እናገኛለን (1ቆሮ. 7፡3-5)። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው የሚገባውን እንዳይነፍግ ያሳስባል። ለጊዜው መለየት ካስፈለገም ሦስት ነገሮች እንዲጠበቁ ያዛል፦ በስምምነት እንዲሆን፣ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሆን፣ ለጸሎት እንዲሆን። ከዚያ በኋላ እንደ ገና አብረው እንዲሆኑ፣ ሰው ደካማ ስለሆነ ፈታኙ እንዳያሸንፋቸው ይመክራል። እነዚህን ሦስቱን በዛሬው ኑሮ ላይ አድርገን እንያቸው።

ሀ. በስምምነት። አንድ ቤተሰብ እናስብ። ባል በቀን ሥራ ይተዳደራል፤ ሁለት ልጆች አሉ፤ የቤት ኪራይ ጨምሯል። አንድ ቀን ዘመድ መጥቶ «ሚስትህ ዓረብ አገር ብትሄድ ሁለት ዓመት ሠርታ ቤት ትሠሩ ነበር» ይላል። ውሳኔው የማን ነው? የዘመድ ነው? የደላላው ነው? ባል «ሂጂ» ብሎ የሚያዝበት፣ ወይስ ሚስት ማንንም ሳታማክር ፓስፖርት አውጥታ የምትነሣበት ነገር ነው? ሐዋርያው «በስምምነት» ሲል ሁለቱም በነጻነት «አይሆንም» ለማለት የሚችሉበትን ንግግር ማለቱ ነው። አንዱ ወገን እምቢ ለማለት የማይችል ከሆነ የተደረገው ስምምነት አይባልም፤ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ባልና ሚስት ብቻቸውን ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ፦ ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጣል? ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ቅዳሜና እሑድ ማን ወደ ትምህርተ ክርስቶስ ይወስዳቸዋል? ከታመምን፣ ወይም አሠሪዋ ክፉ ከሆነች ምን እናደርጋለን?

ለ. ለተወሰነ ጊዜ። መለየትን የሚያከፋው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው አለመታወቁ ነው። ሁለት ዓመት የተባለው አራት፣ አራቱም ስድስት ይሆናል። ቤቱ ያልቃል፤ ከዚያ ሱቅ ይታሰባል፤ ከሱቁ በኋላ ባጃጅ ይታሰባል። ልጁም እናቱን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቃት ሆኖ ያድጋል። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ሲወጡ ይወሰን። ቀኑ ሲደርስ ማራዘም ካስፈለገም እንደ መጀመሪያው ሁሉ ሁለቱም ተነጋግረው ይወስኑ። ገንዘብ «ይበቃል» ማለትን አያውቅም፤ ይበቃል የሚለው ሰው ነው።

ሐ. ለጸሎት። ሐዋርያው መለየትን የፈቀደው ለጸሎት ብቻ ነው፤ የእኛ ሰዎች የሚለያዩት ለእንጀራ ነው። ቢያንስ ግን በመለየታቸው ውስጥ ጸሎትን ማስገባት ይችላሉ። ባልና ሚስት አንድ ሰዓት ይወስኑ፤ እርሱ በጋላፊ መኪናውን አቁሞ፣ እርሷ በአዳማ ልጆቿን አስተኝታ፣ በዚያች ሰዓት አቡነ ዘበሰማያትንና ሰላም ለኪን ይድገሙ። ስልክ ካለ በስልክ አብረው ይጸልዩ፤ ኔትወርክ ከሌለም እያንዳንዱ በየቦታው ይጸልይ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በየምሽቱ በእግዚአብሔር ፊት የሚስቱን ስም የሚጠራ ሰው፣ ከዚያ ጸሎት ተነሥቶ ወደ ሌላ ደጃፍ መሄድ ይከብደዋል።

መታመን ከሥጋ በፊት በዐይንና በአሳብ ይጀምራል፤ ጌታችንም ይህን በተራራው ስብከት አስተምሮናል (ማቴ. 5፡27-28)። በዘመናችን ደግሞ በስልክም ይጀምራል። የትዳር ጓደኛ ሲመጣ የሚደበቅ ስልክ፣ ቀስ በቀስ የሚደበቅ ሕይወት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚውል ሰው ለራሱ አጥር ሊያበጅ ይገባዋል፤ የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ አስቀድሞ የወሰነ ሰው በፈተና ሰዓት አይደናገርም። በቤት የቀረውም ወገን ፈተና የለበትም ማለት አይደለም። ሚስቱ በባዕድ አገር ሌት ተቀን የደከመችበትን ገንዘብ በጫትና በመጠጥ የሚጨርስ ባል፣ በሥጋ ባይወድቅ እንኳ ቃል ኪዳኑን አፍርሷል።

በመታመን የወደቀ ሰውስ? ምሥጢረ ንስሐ ክፍት ነው፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ከውድቀታችን ይበልጣል። ንስሐ ግን እውነትን ይጠይቃል። በተለይም የኤች አይ ቪ ወይም የሌላ በሽታ ሥጋት ካለ፣ ምርመራ ማድረግና የትዳር ጓደኛን ከአደጋ መጠበቅ የፍቅር ግዴታ ነው። ዝም ብሎ ወደ መኝታ መመለስ ሌላ በደል ይጨምራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባለበት በዛሬው ዘመን ምርመራን መፍራት አይገባም፤ ሊፈራ የሚገባው መደበቅ ነው።

ታማኝነት የሚፈተንበት ሌላው ጊዜ ልጅ ሲዘገይ ነው። በአገራችን መካን መሆን ብዙ ትዳር አፍርሷል፤ ጥፋቱም ያለ ምርመራ በሚስት ላይ ይጣላል። ቤተ ክርስቲያን ግን መካንነት ጋብቻን እንደማያፈርስ በግልጽ ታስተምራለች (ቀኖና 1084)። ልጅ የጋብቻ በረከት ነው፤ ቃል ኪዳኑ ግን «ልጅ ከወለድሽልኝ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። በኦሮሞ ባህል ያለው ጉዲፈቻ፣ ከሌላ የተወለደን ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ የማሳደግ ልማድ፣ በእንደዚህ ያለው ቤት ውስጥ ወንጌልን የሚመስል ሥራ ይሠራል። እኛም ሁላችን በጸጋ የእግዚአብሔር ልጆች የሆንነው በዚህ ዐይነት መንገድ እንደሆነ ጳውሎስ ያስተምረናልና (ገላ. 4፡4-7)።

3. መተማመን፦ ገንዘብ፣ ቃልና ይቅርታ

መተማመን በአንድ ቀን አይገነባም። የሚሠራው በሦስት የዕለት ተዕለት ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ባል የደመወዙን ልክ ለሚስቱ የማይነግርበት፣ ሚስትም ከባሏ ተደብቃ ዕቁብ የምትጥልበት ቤት ሞልቷል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ እርሱ «ታባክናለች»፣ እርሷም «ይጠጣበታል» ይላሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ዐዋጅ ቁጥር 213) ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በጥረታቸው የሚያፈሩት ገቢ የጋራ እንደሆነ፣ እርስ በርሳቸውም መከባበርና መደጋገፍ እንዳለባቸው ደንግጓል፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ (ዐዋጅ ቁጥር 69) አውጥታለች። የመንግሥት ሕግ ይህን ያህል ከጠየቀ፣ «አንድ ሥጋ» መሆናቸውን የሚያምኑ ክርስቲያኖች ምን ያህል ሊበልጡ ይገባቸው ነበር? በወር አንድ ምሽት ባልና ሚስት ገቢና ወጪያቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያዩ፣ ከብዙ ጠብ ይድናሉ።

ሁለተኛው ቃል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 «አሞሪስ ለቲሲያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክራቸው አራተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ለፍቅር ሰጥተውታል፤ መነሻቸውም ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ፍቅር የጻፈው ነው (1ቆሮ. 13)። በቤተሰብ ውስጥ ሦስት ቃላት እንዳይጠፉም ደጋግመው መክረዋል፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማመስገንና ይቅርታ መለመን። እኛ ለእንግዳ «እባክዎ»፣ ለጎረቤት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን፤ በገዛ ቤታችን ግን ቡና አፍልታ ላቀረበች ሚስት፣ ደክሞ ለገባ ባል አንዲት የምስጋና ቃል እንነፍጋለን።

ሦስተኛው ይቅርታ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጳውሎስ «ባል የሚስት ራስ ነው» ማለቱን ብዙዎች ይጠቅሳሉ፤ ከዚያ በፊት ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንዲገዙ ማዘዙን፣ ከዚያም በኋላ ባል ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን እስከ ሞት አሳልፎ እንደሰጠ እንዲወድ ማዘዙን ግን ይዘሉታል። ክርስቶስ ራስ የሆነው በመስቀል ላይ ነው እንጂ በዱላ አይደለም።

የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ይህንን እውነት ከጥንት ጀምሮ በባህላቸው ይዘውታል። ልጃገረድ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ የሴት ልጅ ክብርና መብት ምልክት ነው። ባል ሚስቱን ቢበድል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ነገሩን አይተው በዳዩ ጥፋቱን እንዲያምንና እንዲክስ ያደርጋሉ። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የአንዲት ሚስት መገፋት የማኅበረሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ እርቅ የሚመጣው እውነቱ ከተነገረና በደሉ ከተካሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለሽምግልና የምንቀመጥ ሁሉ፣ የምትደበደብን ሴት «ቻዪው፣ ትዳር ነው» ብለን ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ እንዳይመስለን። ትዕግሥት ትልቅ ምግባር ነው፤ ወንጀልን መሸፈኛ ግን አይደለም። አንዱ ወገን በነፍስ ወይም በሥጋ ላይ ከባድ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሌላው ወገን ተለይቶ እንዲኖር ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች (ቀኖና 1153)። የጋብቻው ማሰሪያ እንዳለ ሆኖ፣ ሕይወትን ማዳን ይቀድማል። ይቅርታም ቢሆን በዳዩ ሲመለስ በሩን የሚከፍት ነው እንጂ ዱላውን መልሶ የሚያቀብል አይደለም።

4. በትዳር የተቀደሱ

«ይህ ሁሉ ለመነኮሳት ነው፤ እኛ በገበያና በወጥ ቤት መካከል ያለን ምን ቅድስና አለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 2015 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሉዊ ማርቲንንና ዜሊ ጌረንን በአንድ ላይ ቅዱሳን ብለው አውጀዋል፤ እንዲህ በአንድነት ቅዱሳን የተባሉ የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። እነርሱ የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ወላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1858 በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ ተጋቡ። እርሱ ሰዓት ሠሪ፣ እርሷ የዳንቴል ሥራ ባለሙያና ነጋዴ ነበረች። የእርሷ ሥራ ሲሰፋ እርሱ የራሱን ሱቅ ለዘመድ ለቅቆ እርሷን ረዳ። ከዘጠኝ ልጆቻቸው አራቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። ለሥራ ሲለያዩም በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። ዜሊ እ.ኤ.አ. በ1877 በጡት ካንሰር ስታርፍ ትሬዛ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ቅድስናቸው የተሠራው በሱቅ፣ በሒሳብ መዝገብ፣ በሕፃናት አልጋ አጠገብና በማለዳ ቅዳሴ ላይ ነው። የእኛም ከዚህ የተለየ አይሆንም።

የተወደዳችሁ፤ በመሠዊያው ፊት የተናገርነው «እሺ» አንድ ጊዜ የተባለ አሜን ነው። ያ አሜን ግን በየማለዳው እንደ ገና ይባላል፦ ሾፌሩ መኪናውን ሲያስነሣ፣ ሚስት የልጇን ደብተር ስትመለከት፣ ከባዕድ አገር ስልክ ሲደወል፣ የተኮራረፉት ባልና ሚስት በአንድ ገበታ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ። በእግዚአብሔር ያመነ ይታመናል፤ የሚታመኑ ሁለት ሰዎችም ይተማመናሉ።

ለዚህ ሳምንት የሚሆን ተግባር

ባልና ሚስት በአንድ ምሽት ስልካቸውን አስቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። አንዱ ለሌላው ያመሰገነበትን አንድ ነገርና ይቅርታ የሚጠይቅበትን አንድ ነገር ይናገር፤ ሌላው ሳይመልስ ያድምጥ። በመጨረሻም አቡነ ዘበሰማያትን አብረው ይድገሙ። ተለያይተው የሚኖሩ የጸሎት ሰዓታቸውን ይወስኑ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ምሥጢረ ተክሊል ሳይቀበሉ የሚኖሩ ቤተሰቦችን የሚያግዳቸው ምንድን ነው? እኛስ ምን ልንረዳቸው እንችላለን?
2. ከባልና ከሚስት አንዱ ወደ ሩቅ ለሥራ ሲሄድ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ካስቀመጣቸው ሦስት ነገሮች በቀላሉ የሚዘነጋው የትኛው ነው?
3. የትዳር ጓደኛቸው በሩቅ ያለባቸውን ምእመናን ቁምስናችን እንዴት ሊጎበኛቸው ይችላል?
4. በሽምግልና ጊዜ እርቅንና እውነትን አብረን የምንጠብቀው እንዴት ነው?

ጸሎት

በቃና ሰርግ የተገኘህ ጌታ ሆይ፤ በቤታችንም ተገኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉትን በትዕግሥት፣ በሩቅ ያሉትን በታማኝነት፣ የተጣሉትን በእውነትና በይቅርታ ጠብቅ። መንገደኞቻችንን በሰላም መልስልን። እናትህ ጉድለታችንን አይታ ስለ እኛ ትለምንህ፤ ውኃችንን ወደ ወይን ጠጅ ለውጥ። አሜን።